አሮጌውን ሎኮሞቲቭ ድምፅ ማስወጣት፦ ሞዴል ባቡርን ወደ ዲጂታል የመቀየር መመሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አበሻ ሲኤስኤክስ የተባለውን ኩባንያ የጭነት ባቡር በጆሮው ያውቀዋል። ሌሊት ሁሉ ነገር ፀጥ ሲል ከሩቅ ጉርምርምታ ይመጣል። ቀስ እያለ ይጠጋል። የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ወደ ሮክቪል ወጣ ብሎ ራንዶልፍ ሮድን ሲያቋርጥ ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም።

እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሮጠው ሞዴል ግን ለዓመታት የነበረው የሲንጀር መኪና ድምፅ ብቻ ነበር። ጥርሶቹ ሲፋተጉ ትርርር ይላል፣ በቃ። ያንን ሎኮሞቲቭ ከፍቼ ዲኮደር የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ስፒከር ያስገባሁበት ቀን በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ካየኋቸው ቀናት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ሥራው አይከብድም። አንድ ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱም ሞተሩን ከሻሲው መለየት ነው። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፋለን።

የምንሠራበት ሎኮሞቲቭ

ለምሳሌ የወሰድኩት የአተርን ኩባንያ ኤስዲ40-2 ነው። መጠኑ ኤችኦ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። ድሮ በሰማያዊ ካርቶን ይሸጥ ስለነበር ሰዉ «ሰማያዊ ሳጥን» ይለዋል። የሞዴል ባቡር ባዛር ላይ ብትሄዱ ጠረጴዛው ሁሉ በእሱ የተሞላ ነው። ሻሲው ብረት ነው፣ ከባድ ነው፣ ብዙ ፉርጎ ይጎትታል። መለዋወጫውም አይጠፋም። ችግሩ የተሠራው ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት በነበረው አሠራር መሆኑ ነው። ዲኮደር የሚሰካበት ሶኬት የለውም።

የእናንተ ሎኮሞቲቭ አዲስ ከሆነና «ዲሲሲ ሬዲ» (ለዲሲሲ፣ ማለትም ለዲጂታል ቁጥጥር፣ የተዘጋጀ) የሚል ከተጻፈበት ሥራው በጣም ይቀላል። ውስጡ ባለ 8 ወይም ባለ 21 ፒን ሶኬት አለ። እዚያ ላይ የተሰካውን ማገናኛ ነቅላችሁ ዲኮደሩን ትሰካላችሁ። ከዚያ ስለ ስፒከሩ ወደሚያወራው ክፍል ዝለሉ።

አሠራሩን በአጭሩ

በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልት ከ0 እስከ 12 ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ሲል ባቡሩ ይፈጥናል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሁለት ባቡሮች አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቆማሉ።

በዲሲሲ ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ወደ 14 ወይም 15 ቮልት አለ፤ ባቡሩ ቢቆምም አለ። ያ ቮልት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተገለባበጠ መልእክት ይሸከማል። «ቁጥር 3፣ ወደፊት፣ ቀስ ብለህ» እንደማለት ነው። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር መልእክቱ የእሱ መሆኑን አይቶ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ያዛል። የዚህን አሠራር መሠረት የጣለው ሌንዝ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነው። በኋላ ኤንኤምአርኤ የሚባለው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ፣ የጋራ ደረጃ አደረገው። በዚህ ምክንያት የአንዱ ኩባንያ ዲኮደር ከሌላው ኩባንያ መቆጣጠሪያ ጋር ይግባባል። የሽቦዎቹ ቀለም እንኳ አንድ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ዲኮደሩ በሐዲዱና በሞተሩ መሀል ይቀመጣል። ከሐዲዱ ወደ ሞተሩ ሌላ ምንም መንገድ ሊኖር አይገባም። ካለ፣ የሐዲዱ ኃይል በሞተሩ በኩል ዞሮ ዲኮደሩ ውስጥ ይገባና ያቃጥለዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ ድምፅ ዲኮደር፤ እኔ የኢኤስዩን ሎክሳውንድ 5 ነው የተጠቀምኩት። የሳውንድትራክስ ሱናሚ2ም ጥሩ ነው። ዋጋቸው 100 ዶላር ዙሪያ ስለሆነ መጀመሪያ ለክታችሁ፣ ከዚያ ግዙ። ዲሲሲ መቆጣጠሪያም የግድ ነው። ከዚህ ሌላ ቀጭን ጫፍ ያለው ካውያ፣ ቀጭን ሶልደር፣ ድምፅ የሚያሰማ ቴስተር፣ ትናንሽ ካቻቢቴዎችና ፒንሳ፣ በሙቀት የሚጠበብ ላስቲክ ቱቦ፣ ካፕተን የሚባለው ቢጫ ሙቀት ቻይ ቴፕ፣ ኤልኢዲና 1,000 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋችኋል። ተራውን ናስትሮ አትጠቀሙ። ሞተሩ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል።

መጀመሪያ በድሮው አሠራር በደንብ ይሂድ

በ12 ቮልት ሲሄድ የሚንገዳገድ ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ስለገባለት አይድንም። እንዲያውም ይብስበታል፤ ሐዲዱን ለቅጽበት ሲስት ድምፁም ይቆራረጣል። ስለዚህ ቀፎውን አውልቁ። ቀፎው ግራና ቀኝ ባሉ ትናንሽ ጥርሶች ነው የተያዘው፤ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ገለጥ ስታደርጉት ይለቃል።

የደረቀውን አሮጌ ግራሶ ከጥርሶቹ ላይ ጥረጉና ፕላስቲክ የማይጎዳ አዲስ ግራሶ በትንሹ ቀቡ። መንኮራኩሮቹን በአልኮል አጽዱ። የዚህ ሞዴል መንኮራኩሮች ቆሻሻ ቶሎ ይይዛሉ። አቅም ካላችሁ ኒኬል ሲልቨር በሆኑ ቀይሯቸው። ድምፅ ላለው ሎኮሞቲቭ ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም።

ቀጥሎ ሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚበላ ለኩ። ቴስተሩን 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ አድርጋችሁ ከሐዲዱ ጋር በተከታታይ አገናኙ። 12 ቮልት ስጡና ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ለአንድ ሰከንድ ብቻ በጣታችሁ ያዙት። ሞተሩ ሲቆም የምታነቡት ቁጥር ዲኮደሩ ከሚችለው በታች መሆን አለበት። ሎክሳውንድ 5 ለሞተር እስከ 1.5 አምፔር ይችላል። ሞተራችሁ ከዚያ ከበለጠ ወይ አጽዱት ወይ ቀይሩት።

ሞተሩን ከሻሲው መለየት

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ሻይ ካላችሁ አስቀምጡት።

የሰማያዊው ሳጥን ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው እንዲህ ነው። አንደኛው ሐዲድ መንኮራኩሮቹን በያዙት ቦጊዎች በኩል ወደ ብረቱ ሻሲ ይገባል። የመኪና ኤሌክትሪሺያን «ማሳ» የሚለው ማለት ነው። ሁለተኛው ሐዲድ ከቦጊዎቹ አናት ላይ፣ በሞተሩ ላይ በተጋደመ ረጅም የብረት ዘንግ በኩል፣ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክሊፕ ይሄዳል። የሞተሩ የታችኛው ክሊፕ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት። እነዚያ ጥርሶች ወደ ታች ተጎንብሰው ሻሲውን ይነካሉ። ሞተሩ ማሳ የሚያገኘው በእነሱ ነው። የኛ ጠላት እነዚያ ሁለት ጥርሶች ናቸው።

ረጅሙን ዘንግ ከላይ አንሱት። ሞተሩን የያዙት ላስቲኮች በሻሲው ቀዳዳዎች ውስጥ ስለተቀረቀሩ ከሥር በካቻቢቴ ገፋ አድርጓቸው። ሞተሩ ይነሳል።

አሁን የታችኛውን ክሊፕ አውጡ። ከሥሩ ካርቦንና ትንሽ ስፕሪንግ አለ፤ ስፕሪንጉ ተወርውሮ ከጠፋ ቀናችሁ በፍለጋ ያልቃል። እኔ ሁልጊዜ ሞተሩን ነጭ ፎጣ ላይ አድርጌ፣ ክሊፑን በአንድ እጄ አውራ ጣት ተጭኜ ነው የማወጣው። ካወጣችሁ በኋላ ሁለቱን ጥርሶች በፒንሳ ቁረጡና የተቆረጠውን በሞረድ አለስልሱ። ከዚያ ከዲኮደሩ ሁለት የሞተር ሽቦዎች አንዱን፣ ግራጫውን፣ ክሊፑ ላይ በይዱ። ክሊፑ ሞተሩ ላይ እንዳለ አትበይዱ፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የላይኛውንም ክሊፕ እንደዚሁ አውጥታችሁ ብርቱካናማውን ሽቦ በይዱበት።

ሞተሩ በሚቀመጥበት የሻሲ ወለል ላይ ሁለት ንብር ካፕተን ለጥፉ። ክሊፖቹን መልሱ። ግራጫው ሽቦ በሞተሩና በሻሲው መሀል እንዳይጨፈለቅ በጎን በኩል አሳልፉት። ሞተሩን ቦታው ላይ መልሱት።

አሁን ቴስተሩ ይፍረድ። አንዱን ጫፍ ሻሲው ላይ፣ ሌላውን ግራጫው ሽቦ ላይ አድርጉ። ዝም ማለት አለበት። ከብርቱካናማው ጋርም ዝም። ሁለቱም ሽቦዎች ከእያንዳንዱ መንኮራኩር ጋርም ዝም። ዝም ብሎ እያለ ሞተሩን በጣታችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉት፣ ወደ ጎንም ወዝወዝ አድርጉት፣ ፍላይዊሉንም አንድ ዙር አዙሩት። አንዴ እንኳ ጢጥ ካለ ሞተሩን እንደገና አውጡት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። የመጀመሪያዬን ስሠራ ሞተሩን ለብቻው በእጄ ይዤ ፈተሽኩ፤ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ግን አልደገምኩም። አንደኛው ጥርስ በደንብ ስላልተቆረጠ ቴፑን በስቶ ገብቶ ነበር። ሎኮሞቲቩን ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው ጥቂት ሰከንድ ሄደ፣ ከዚያ ያ የሚጎመዝዝ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ዲኮደሩ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ የሰሊጥ ፍሬ ታህል ነበር። 100 ዶላር ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቦታው ላይ ሆኖ ሳልፈትሽ ሌላ አንዲት ሽቦ አላገናኝም።

ሽቦዎቹ

ሎኮሞቲቩን ሐዲድ ላይ አስቀምጡና ከኋላው ሆናችሁ ወደፊት ስታዩ በቀኝ ያለው ሐዲድ ከሻሲው ጋር ይሁን ከቦጊዎቹ አናት ጋር መገናኘቱን በቴስተር ለዩ። ቀዩ ሽቦ ለቀኙ ሐዲድ ነው፤ ጥቁሩ ለግራው። ለሻሲው የሚሄደውን ሽቦ ብረቱ ላይ በቀጥታ ልትበይዱት አትችሉም፤ ሻሲው ሙቀቱን ሁሉ ይመጠዋል። ትንሽ ቀዳዳ ብሱና ሽቦውን በብሎን እሰሩት። ለሌላኛው ሐዲድ ደግሞ ከሁለቱም ቦጊዎች አናት ላይ ሽቦ በይዳችሁ አንድ ላይ አምጡ። ቦጊዎቹ ስለሚዞሩ ሽቦው ቀጭንና ላላ ያለ ይሁን።

ቀዩና ጥቁሩ ቢቀያየሩ ዲሲሲ ላይ የሚመጣ ጉዳት የለም። ብርቱካናማውና ግራጫው ቢቀያየሩ ግን ወደፊት ስትሉት ወደ ኋላ ይሄዳል። መፍትሔው ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ነው።

እያንዳንዱን መገናኛ በላስቲክ ቱቦ ሸፍኑ። ቱቦውን ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቡት፤ ይሄ ሁልጊዜ ይረሳል።

ለመብራት አሮጌው አምፖል በአንድ እግሩ ሻሲውን ስለሚነካ አውጡትና በኤልኢዲ ቀይሩት። ሰማያዊው ሽቦ የጋራ ፖዘቲቭ ነው፤ ለኤልኢዲው ረጅም እግር ይሄዳል። ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ መብራት ነው፤ በሬዚስተሩ በኩል ለአጭሩ እግር ይሄዳሉ። ሬዚስተሩን ከተዋችሁት ኤልኢዲው አንዴ ቦግ ብሎ ይጠፋል።

ስፒከሩ

ሰው ሁሉ ዲኮደር ሲመርጥ ብዙ ይጨነቃል፣ ስፒከሩን ግን የትም ይወትፈዋል። የድምፁን ጥራት የሚወስነው ግን ስፒከሩና ሳጥኑ ነው።

ስፒከር ከፊቱ ድምፅ ሲያወጣ ከጀርባውም ተቃራኒውን ያወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ጀርባው በታሸገ ሳጥን መዘጋት አለበት። ሞክሩት፦ ሳጥን የሌለውን ስፒከር አስጩሁትና ሳጥኑን ግጠሙለት። ያለ ሳጥን እንደ ትንኝ ጢዝ የሚለው ነገር በድንገት ደረት ያወጣል። ትንሽ ክፍተት እንኳ ድምፁን ስለሚያፈስ ዙሪያውን በሲልኮን ዝጉ።

ለዚህ ሎኮሞቲቭ የሚመቸው 11 በ15 ሚሊሜትር የሆነው ነው፤ የስኳር ድንጋይ ስለሚያህል በዚያው ስም ይጠሩታል። 8 ኦም ነው። ሁለት ማስገባት ከቻላችሁና በተከታታይ ካያያዛችሁ 16 ኦም፣ ጎን ለጎን ካያያዛችሁ 4 ኦም ይሆናል። ሎክሳውንድ 5 ከ4 ኦም በታች አይወድም። እኔ አንዱን ከኋላ ቦጊ አናት በላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጌ። ከመለጠፋችሁ በፊት ቀፎውን ደጋግማችሁ ግጠሙና በትክክል መክደኑን አረጋግጡ። ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዳቸውም ሻሲውን መንካት የለባቸውም፤ ከነኩ የዲኮደሩ ማጉያ ይቃጠላል።

የድምፁ ዓይነትም ከሎኮሞቲቩ ጋር ይስማማ። እውነተኛው ኤስዲ40-2 ከ1972 ጀምሮ የተሠራ ነው። ሞተሩ የኢኤምዲ ኩባንያ 645 የሚባለው፣ 16 ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው፣ 3,000 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦው ሲነሳ ከጉርምርምታው በላይ ቀጭን ፉጨት አለው። ወንድሙ ጂፒ38-2 ቱርቦ ስለሌለው ያንን ፉጨት አታገኙበትም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው የድሮውን የናፍጣ ባቡር ከአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚለየው፣ ባቡር የሚወድ እንግዳም ይህን ይለየዋል። ዲኮደሩን ስትገዙ «ኢኤምዲ 645 ከነቱርቦው» የሚለውን ፈልጉ።

ፕሮግራም ማድረግ

ቀፎውን ገና አትክደኑ። ሎኮሞቲቩን በቀጥታ ዋናው ሐዲድ ላይም አታስቀምጡት። መቆጣጠሪያችሁ የፕሮግራም ሐዲድ የሚባል መውጫ አለው። እዚያ የሚሄደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ የተሳሳተ ሽቦ ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው።

ሲቪ 8ን አንብቡ። ሲቪ ማለት የዲኮደሩ የማስተካከያ ቁጥር ነው። ለኢኤስዩ 151 ይመጣል፤ ለሳውንድትራክስ 141። ይህ ቁጥር ከመጣ ዲኮደሩ ሰላም ነው፣ ሞተሩም ተገናኝቷል። መልስ ከሌለ ብዙ ጊዜ ወይ መንኮራኩሩ ቆሽሿል ወይ ብርቱካናማው ወይም ግራጫው ሽቦ ተላቋል። ሽቦዎቹን ሳታዩ ወደ ዋናው ሐዲድ አትውሰዱት።

ከዚያ አድራሻ ስጡት። ከፋብሪካ ሲመጣ 3 ነው። ልማዱ በሎኮሞቲቩ ጎን የተጻፈውን ቁጥር መስጠት ነው። የኔ 8888 ነው። እውነተኛው የሲኤስኤክስ 8888 ኤስዲ40-2 ነበር። በግንቦት 2001፣ በፈረንጆቹ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሹፌር ሳይኖርበት ፉርጎዎቹን እየጎተተ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የሮጠው እሱ ነው። ባለ አራት አኃዝ አድራሻ ስትሰጡ መቆጣጠሪያው ሲቪ 17፣ 18 እና 29ን ራሱ ያስተካክላቸዋል።

አሁን ዋናው ሐዲድ ላይ አስቀምጡት። ድምፁን ክፈቱ። መጀመሪያ ሞተሩ ለመነሳት ሲያጓራ፣ ከዚያ ተይዞ ወደ ዝቅተኛው ጉርምርምታ ሲወርድ ትሰማላችሁ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ለትንሽ ጊዜ እጄን አነሳና ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ማስተካከል

ቀፎውን ክደኑና ሞተሩን ከዲኮደሩ ጋር አስተዋውቁት። ለሎክሳውንድ 5 ሲቪ 54ን 0 አድርጉና መቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ1 የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሎኮሞቲቩ በሙሉ ፍጥነት ይፈተለካልና ከፊቱ በቂ ሐዲድ ይኑር፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆኖ አትሞክሩት። ዲኮደሩ ሞተሩን ለክቶ ቁጥሮቹን ራሱ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛው ፍጥነት ስታስኬዱት ቀስ ብሎ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል።

ሲቪ 3 ፍጥነት የሚጨምርበትን፣ ሲቪ 4 የሚቀንስበትን ጊዜ ይወስናል። ሁለቱንም ከፍ አድርጓቸው። እውነተኛ የጭነት ባቡር እንደ ታክሲ አይነሳም። መጀመሪያ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከዚያ መንኮራኩሩ በቀስታ ይዞራል። ይህ ቅደም ተከተል ሲስተካከል ሞዴሉ ክብደት ያለው ይመስላል።

ድምፁን ቀንሱ። ከፋብሪካ ሲመጣ በጣም ይጮኻል፤ ትንሿ ስፒከር ትንጫጫለች፣ ቤተሰብም ይማረራል። ሲቪ 63 አጠቃላይ ድምፁን ይይዛል፤ ከ0 እስከ 192 ነው። እኔ 60 ላይ አድርጌዋለሁ። ክንድ በሚደርስበት ርቀት በደንብ ይሰማል፣ ከክፍሉ በር ላይ ደግሞ እንደ ሩቅ ባቡር ይሆናል።

በመጨረሻ ጡሩምባውን ሞክሩ። በአሜሪካ ድምፆች ብዙ ጊዜ ኤፍ1 ደወሉ፣ ኤፍ2 ጡሩምባው፣ ኤፍ8 ድምፁን መክፈቻና መዝጊያ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ መኪና የሚያልፍበት ማቋረጫ ካለ ሎኮሞቲቩ ሳይደርስበት ጀምሩ። እውነተኛው ባቡር ቢያንስ ከ15 ሰከንድ በፊት ነው የሚጀምረው። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ የመጨረሻውን ረጅም ያዙት። ጣታችሁን የምታነሱት ሎኮሞቲቩ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ነው።